የእማዬን ደም ላኪልኝ

መስከረም 20

ለውድ የአክስቴ ልጅ፣ ለቁንዶ፣

ይህ ደብዳቤ አንቺንም እማዬንም በጤናና በሳቅ ያግኛችሁ። እኔ ከሥራ ብዛት በቀር ደኅና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

በስልክ ልነግርሽ ያልቻልኩት እማዬ ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ስለምታወራ ነው፤ ደግሞ ስልኩን አንዴ ከያዘችው አትለቅም። ስለዚህ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ።

ባለፈው ስንደዋወል እየሳቀች ምን አለችኝ መሰለሽ? «የፈላ ውሃ እግሬ ላይ ፈሶ፣ ቆዳዬ መላጡን በዓይኔ እስካይ ድረስ አልተሰማኝም እኮ!» እሷ ሳቀች፤ እኔን ላብ አጠመቀኝ። አባዬም እንዲሁ ነበር የጀመረው። መጀመሪያ እግሩን አቃጠለው፣ ከዚያ ደነዘዘ፣ ከዚያ ሲራመድ ይወላገድ ጀመር፣ በመጨረሻ ልቡ ደከመ። አንዱ «ሪህ ነው»፣ ሌላው «ስኳር ነው» ሲል አባዬ ሞተ፤ እኔንም እኅቱ፣ እናትሽ እማዬ፣ ወስዳ ካንቺ ጋር አሳደገችኝ።

አሁን የምሠራበት ላቦራቶሪ የሚያጠናው ይህንኑ የሚመስል በሽታ ነው። ጉበታችን አንድ ፕሮቲን ይሠራል፤ አሠራሩ በዘረመል ውስጥ ተጽፏል። በአንዳንድ ቤተሰብ ከጽሑፉ አንዲት ፊደል ትለወጥና ፕሮቲኑ ተጣሞ ይወጣል፤ እያደር ነርቭና ልብ ላይ ይከመራል። እኛ የምንሞክረው መድኃኒት የተከመረውን አይጠርግም። ትእዛዙን ከዘረመል ወደ ሥራው ቦታ የሚያደርሰውን ተላላኪ፣ አርኤንኤ የምንለውን፣ መንገድ ላይ ጠብቆ ይቆራርጠዋል። ትእዛዝ ካልደረሰ ጠማማ ፕሮቲን አይሠራም። የሞተ ነርቭ ባይመልስም በሽታውን ባለበት ያቆመዋል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ስለዚህ የእማዬን ደም ላኪልኝ። የልብስ ሰፊው አጎታችንንና ያንቺንም ጨምሪበት፤ ነገሩ በዘር የሚወርድ ነው። ቲዩቦቹን በሣጥን አድርጌ ልኬያለሁ። ውስጡ የመመሪያ ወረቀት አለ፤ እጅ ከመታጠብ ጀምሮ ሁሉም በየተራው ተጽፏል፣ አደራ ተከተዪው። ለሙከራው ሕክምና ሰው የምንመዘግበው እስከ ጥር መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በሩ ይዘጋል።

እማዬን ሳሚልኝ።

ሎጋ


ኅዳር 2

ለሊቀ ሊቃውንት ሎጋ፣

ከቁመትሽ የረዘመ ዕድሜ ይስጥሽ። እኛ እንዳለን አለን።

ሣጥንሽ ደርሷል። ደርሷል ብቻ? ነግሧል! እማዬ ከፍታ ሐምራዊ ክዳን ያላቸውን ባዶ ቲዩቦች ስታይ «ልጄ ላከችልኝ!» ብላ ቡፌው ውስጥ ከደኅና ደኅና ብርጭቆዎቿ ጎን ደረደረቻቸው። ጎረቤት በመጣ ቁጥር ታስጎበኛለች። «ሳይንቲስቷ ልጄ» ትላለች። እኔስ? ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ ወገቤ የጎበጠው ልጇ? እኔን ስታስተዋውቅ «እሷም ሆስፒታል ነው የምትሠራው» ብላ ታልፈኛለች። ጽዳት ልሁን ጥበቃ ሰሚው ይገምት።

እግርሽን ሐኪም ይየው ብዬ ስለምናት ስለምናት «ሪህ ነው፣ አትጨቅጭቂኝ» ያለችኝ ሴትዮ፣ አንቺ በስልክ አንዲት ቃል ስትተነፍሺ እጅጌዋን ሰብስባ «በይ ቅጂኝ» አለችኝ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል የሚሉት ይኸው ነው። ልጡን የሚያርሱብኝ ደግሞ የገዛ እናቴ መሆኗ!

አጎታችንን ብታዪው በሳቅ ትሞቺ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጣቱን በመርፌ እየወጋ ቅም የማይለው ሰውዬ የኔን መርፌ ሲያይ ከስፌት መኪናው ኋላ ገባ። «ሱሪ ከፈለግሽ ልስፋልሽ፣ ደም ግን የለኝም» አለኝ። እማዬ እጁን ይዛለት፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በስንት ልመና ቀዳሁት።

ባንቺ ቲዩቦች አልቀዳሁም። ከቡፌው ላውጣ ብል እማዬ ልታስነካኝ ነው? ደግሞስ እኛ ጋ ቲዩብ የለም መሰለሽ? ወረቀትሽንም አየሁት። የመጀመሪያው መስመር «እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ» ይላል። እዚያው ላይ አጠፍኩትና መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። እኔን ደም መቅዳት ልታስተምሪኝ? ባዮሎጂ ፈተና ላይ ከማን ትኮርጂ እንደነበር ረሳሽው? ከዚያ አንቺ ለትምህርት ተመርጠሽ ሄድሽ፣ እኔ ቀረሁ። ዕድል የሚባለው ነገር ረጃጅሞቹን ነው መሰለኝ ቀድሞ የሚያየው።

የኔን ደም አልላክሁም። ደሜ ሥራ ላይ ነው።

በይ ደኅና ሁኚ። እማዬን ሳሚያት ስላልሽ ስሜያታለሁ፤ «ይኸ የሎጋ ነው» ብላ ሌላኛውን ጉንጯንም ሰጠችኝ።

ቁንዶ


ኅዳር 28

ለቁንዶ፣

ሰላም ለቤታችሁ። ሰላምታዬን ያሳጠርኩት ስለተናደድኩ ነው።

ደሙ አልሠራም። ከደሙ ዲኤንኤውን አውጥተን፣ የምንፈልጋትን ቁራጭ እንዲያበዛልን ፒሲአር መሣሪያው ውስጥ ከተትነው፤ ዝም። ደገምነው፤ ዝም። አብሮት የገባው የሌላ ሰው ሁሉ ናሙና ወጣ፣ የኔ ቤተሰብ ብቻ ምንም። አለቃዬ ከመነጽሯ በላይ አሻግራ እያየችኝ «የቤተሰብሽ ደም ምን ሆኖ ነው?» ስትል መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ቲዩቦቹን ሳወጣቸው ክዳናቸው አረንጓዴ! ቁንዶ፣ አረንጓዴ! ደሙ እንዳይረጋ ውስጡ ያለው ሄፓሪን ፒሲአሩን አንቆ ይይዘዋል። ከዲኤንኤው ልናጥበው ብንሞክርም አልለቀቀም። «በሐምራዊ ብቻ» ተብሎ ወረቀቱ ላይ በደማቁ ተጽፏል። እልህሽን ትተሽ ሁለተኛውን መስመር ብታነቢ ምን ነበረበት?

ሌላም አለ። እማዬ ደረጃ ላይ ወድቃ ክንዷ መጎዳቱን የሰማሁት ከአጎታችን ነው። ከልብስ ሰፊ! አንቺ ስለ ቡፌ ይህን ሁሉ ስትጽፊ ይህችን አንዲት ነገር መጻፍ አቃተሽ?

በየምሽቱ እግሯን እንደምታሺያትም እሱ ነው የነገረኝ። ልንገርሽ? ቀናሁ። እኔ እዚህ የማላውቃቸውን ሰዎች ደም በፒፔት ስመጥን ነው የምውለው። ስም የላቸውም፣ ቁጥር ናቸው። ማታ ስገባ ማንም «በላሽ ወይ?» አይለኝም። አንቺ እሷን በእጅሽ ትነኪያታለሽ፤ እሷም ስታማርር ትሰሚያለሽ። እኔ የምሰማው ሳቋን ብቻ ነው፤ ሳቋን ደግሞ አላምነውም።

ሌላ ሣጥን ልኬያለሁ። እሱ እስኪደርስ አትጠብቂ፤ ቡፌውን ክፈቺ። ያንቺም ደም ይኑርበት። በሩ እየተዘጋ ነው፣ አፈር ስሆንልሽ።

ሎጋ


ታኅሣሥ 9

ለሎጋ፣

አንቺ ሰላምታ ስላሳጠርሽ የኔም ከዚያው ጋር ይታሰብልኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ተማሪ ሳለሁ «የዘር ምርመራ ደም በአረንጓዴ» ብለው ነበር ያስተማሩኝ። ለካ እሱ ክሮሞዞምን በማይክሮስኮፕ ለማየት ኖሯል! እዚህ አለቃዬን ብጠይቃት ሳቀችብኝ። በይ አንቺም ሳቂ፣ ተራሽ ነው።

መውደቋን ያልጻፍኩልሽ ግን አውቄ ነው። ብነግርሽ ትደውያለሽ። ስትደውዪ ታለቅሳለች። አልቅሳ ስታበቃ «ሎጋዬ ብትኖር አልወድቅም ነበር» ትላለች፤ ልክ እኔ ገፍትሬ የጣልኳት ይመስል።

እግር ማሸቴ አስቀናሽ? ነይና ተረከቢኛ! እጄ ሲነካት እኮ አይሰማትም። ጣቶቼ የት እንደደረሱ በዓይኗ እየተከተለች ነው «እሰይ፣ እዚያ ጋ፣ እዚያ ጋ» የምትለኝ። ደስ ይበላት ብላ ነው። እኔም የማውቅ አልመስልም። የቀናሽው በዚህ ነው።

ትላንት ደግሜ ቀዳኋት። ደም ሥሯ እየሸሸ ሁለቴ ወጋኋት። «ሎጋ ብትሆን በአንዴ ታገኘው ነበር» አትለኝም! ሎጋ! አንቺ በሕይወትሽ አንድ ሰው ወግተሽ ታውቂያለሽ? እርር ድብን ብዬ መርፌውን እንደያዝኩ ቆምኩ። የሰው ሁሉ ደም ሥር የሚያስቸግራቸው ነርሶች እኔን ነው የሚጠሩት፤ ጠይቂ! የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እሷ ብቻ አታውቅም።

ይኸው በሐምራዊው። ከቡፌው ስዘርፋቸው ተቆጣች፣ ተቆጥታም ቀረች። አጎታችን ዘንድሮ ደም ሲሰጥ ሁለተኛው ስለሆነ ጀግና ሆኛለሁ እያለ ለደንበኞቹ ያወራል። የኔም አለበት። እጄን በሳሙና ታጥቤ ነው የቀዳሁት።

ከቶሎ ሁሉ ቶሎ ላኪልን።

ቁንዶ


ጥር 18

ለውድ እኅቴ ለቁንዶ፣

እጅሽ ይባረክ! እንዲህ ያለ ንጹሕ ናሙና ከየትም አልመጣልንም፤ ይህን ያለችው አለቃዬ ናት እንጂ እኔ ላባብልሽ ብዬ አይደለም።

ውጤቱ ወጥቷል። አጎታችን ነፃ ነው። እማዬ የፈራነው አለባት፤ ያቺ ፊደል ተለውጣለች። አንቺ ነፃ ነሽ። ደግመን አይተነዋል፣ አንቺ ነፃ ነሽ።

አሁን ደስ የሚለውን ስሚ። እማዬን ለሙከራው ተቀብለዋታል! ስሟ በሩ ሳይዘጋ ገብቷል። መድኃኒቱ ግን እዚህ ብቻ ነው የሚሰጠው። በየተወሰነ ጊዜ በመርፌ ትወስዳለች፤ ልቧን፣ ነርቯን፣ ደሟን እየተከታተሉ ያያሉ። አንድ ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ይወስዳል። የጉዞ ወረቀቱን ሙከራው ከሚካሄድበት ሆስፒታል አስልኬያለሁ። የምታድረው እኔ ጋ ነው። ክፍሌ ጠባብ ናት፣ ግን አልጋዬን በመስኮቱ በኩል አዞርኩላት፤ ጠዋት ፀሐይ ይገባል። መታጠቢያው ውስጥ የምትይዘው ብረት አስተክያለሁ። ድመት የሚያሳድጉ ጎረቤቶች አሉኝ፣ እሷ ደግሞ ድመት ትወዳለች። ማታ ስገባ የሚጠብቀኝ ሰው ሊኖር ነው!

ቶሎ ንገሪያት። ቶሎ መልሺልኝ።

ሎጋሽ


የካቲት 26

ለሎጋ፣

ጤና ይስጥልኝ። መልሴ ዘገየ፤ ያዘገየሁት እኔው ነኝ፣ ፖስታ ቤቱን አትርገሚው።

ውጤቱን ይዤ ለእማዬ ሳልነግራት ከረምኩ። ወንበር የማስተካክል፣ ድስት የማማስል እየመሰልኩ ከፊቷ እየሸሸሁ ከረምኩ። ምክንያቱን ልንገርሽና ታዘቢኝ። እናቴ እንድትድንልኝ ላንቺ ልሰጣት ነው ማለት ነው? ዕድሉን ወሰድሽ፣ ስሙን ወሰድሽ፣ አሁን ደግሞ እሷን አሽገሽ ልትወስጂ አልጋ አዙረሽ ጠበቅሽ። ደብዳቤሽ ላይ ስለ ድመት ጻፍሽ፣ ስለ ፀሐይ ጻፍሽ፤ እኔ ባዶ ቤት ስገባ ምን እንደምሆን አልጻፍሽም። ቀናሁ። እግሯ ግን ቅናቴ እስኪያልፍ አልጠበቀም። ባለፈው ሳምንት ጫማዋ ውስጥ የልብስ ቁልፍ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ረግጣው ዋለች፤ ስታወልቅ ካልሲዋ ደም ነበር። ያን ቀን ነገርኳት።

እሰይ ትላለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች። «አንቺስ ብቻሽን ምን ትሆኛለሽ?» እስክትለኝ ድረስ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። አለችኝ፤ ግን መጀመሪያ ሦስት ቀሚስ አጣጠፈች።

ትመጣለች። ፈቃዷን ፈርማለች።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አጎታችን ነፃ፣ እማዬ አለባት፣ እኔ ነፃ። ዝርዝሩ እዚያ ላይ አለቀ። በዚህ በሽታ የሞተው ግን ያንቺ አባት ነው። ከኔ ደም ስትለምኚ ከረምሽ፤ ያንቺስ ደም የት አለ? ስለ ድመቱ አትጻፊልኝ። ይህን ብቻ መልሺልኝ።

ቁንዶ


መጋቢት 30

ቁንዶዬ፣

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት።

አለብኝ። ከሁላችሁ በፊት ያየሁት የራሴን ነው፤ እማዬ የፈላውን ውሃ የነገረችኝ ሳምንት። ለዚያ ነበር እናንተን እንደዚያ ያጣደፍኳችሁ። እስካሁን ምንም አይሰማኝም፤ እግሬ ደኅና ነው። በየጠዋቱ ግን ከአልጋ ስወርድ ወለሉ ይቀዘቅዝ እንደሆነ አጣራለሁ። ቀዝቃዛ ከሆነ ደስ ብሎኝ ሥራ እገባለሁ።

እኔ ለሙከራው አልመዘገብም። ምልክት ያልታየበት ሰው አይቀበሉም፤ ቢታይብኝም የላቦራቶሪው ሠራተኛ በራሱ ጥናት ውስጥ አይገባም፣ ሕጉ ነው። መድኃኒቱን በእጄ እየነካሁ ለሌላ ሰው አሳልፋለሁ።

ውጤትሽን ሳይ ደስ አለኝ ብዬ ልዋሽሽ? ቀድሞ የመጣብኝ ደስታ አይደለም። ቀናሁብሽ። እናቷም የሷ፣ ደሟም ንጹሕ፣ ለኔ ምን ተረፈኝ ብዬ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወጥቼ ናሙናሽን ደግሜ ሠራሁት፤ ስሕተት እንዲሆን ፈልጌ ይሁን ስሕተት እንዳይሆን ፈርቼ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ደግሞ ነፃ አለ። ያን ጊዜ ነው ደስ ያለኝ። እውነቴን ነው።

ለእማዬ አትንገሪያት። ካወቀች «ለሎጋ ስጧት» ብላ መርፌውን እምቢ ትላለች። ታውቂያታለሽ።

ሎጋ


ሚያዝያ 17

ሎጋዬ፣

የፈጠረሽ አምላክ እግርሽን ያጽናልሽ፤ ወለሉም ሁልጊዜ ይቀዝቅዝሽ።

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት። ስላይድ ላይ ሕዋስ ስቆጥር ነበር፤ ቁጥሩ ጠፋብኝ። እንደገና ጀመርኩ፣ እንደገና ጠፋብኝ። አለቃዬ «ምን ሆነሽ ነው?» ብትለኝ «የአጎቴ ልጅ» ብዬ ደግሜ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፋሁ። ያን ሁሉ ዓመት ስቀናብሽ ስኖር አንድ ቀን እንኳ ያለሽን ሳይሆን የሌለሽን አስቤ አላውቅም ነበር። አንጀቴን በላሽው።

ቅድስት ሆንኩ ብዬ ግን አልዋሽሽም። እማዬ ትላንት ስትሄድ ጉንጬን ሳመችና «ሎጋ ትጠብቀኛለች» ብላ ተጣደፈች፤ ያን ሰዓት ብትኖሪ ፀጉርሽን ነጭቼ እጥልልሽ ነበር። ወንበሯን እንዳላይ አጎታችን ጋ ሄጄ ስፌት መኪናው ሥር ተቀመጥኩ። ቁልፍ ልቀሚልኝ አለኝና ስለቅም አመሸሁ።

አልነገርኳትም። እኔ አልነግራትም፣ አንቺ ግን ትነግሪያለሽ፤ የመጀመሪያዎቹን መርፌዎች ከወሰደች በኋላ፣ እምቢ የማትልበት ጊዜ ሲደርስ። እንዲህ ያለ ነገር ብቻሽን ይዘሽ ከጎኗ ልትተኚ አይገባም።

አሁን አዳምጪኝ። ከመታጠቧ በፊት ውሃውን ባንቺ ክንድ ለኪው፣ እሷን እንዳታምኚያት። ጫማዋን ከማድረጓ በፊት እጅሽን ከተሽ ፈትሺው። ማታ እግሯን ስታሺያት ዓይኗን ተከተዪ፤ ወዴት እንደምታይ ስታውቂ እጅሽን ወደዚያ ውሰጂው። የምትስቀው ሲከፋት ነው፣ ሲመቻት ትቆጣለች። ከተቆጣችሽ ደስ ይበልሽ። አንቺም በየስድስት ወሩ ነርቭና ልብሽን ታዪያለሽ። «ሥራ በዛብኝ» ብትዪ ለአለቃሽ ራሴ እጽፍላታለሁ፤ በናሙናዬ ታውቀኛለች። መድኃኒቱ ተፈቅዶ ለሰው ሁሉ በሚሰጥበት ቀን፣ በሩ ላይ መጀመሪያ የማገኘው ያን ረጅም አንገትሽን ይሁን።

እናቴን ልኬልሻለሁ። ስትመልሺልኝ ግን ሁለታችሁንም ነው የምረከበው፤ አንዳችሁ ብቻ ብትመጡ በሩን አልከፍትም። ይኸን ሁሉ ዘመን ስቀናብሽ ኖሬ፣ አንቺ ከሌለሽ በማን ልቅና?

ምቀኛሽ፣
ቁንዶ